ዘውዱን ተዉት፤ ፊልሙን እንይ

ባለፈው እትማችን «ፈር ቀዳጅ ሴቶች» በሚለው ዓምድ ሥር ግማሽ ገጽ እንኳ የማትሞላ ጽሑፍ ወጥታ ነበር። የምታወሳው ስለ ቻይናዊቷ የፊልም ዲሬክተር ስለ ዋንግ ፒንግ ነው። «የአዲሲቱ ቻይና የመጀመሪያዋ ሴት ዲሬክተር» ተባለች፤ ተጨበጨበላት፤ አለቀ። ከሠራቻቸው ፊልሞች ያንዱ ስም እንኳ አልተነሣም። ጽሑፏ በወጣች ማግስት ደግሞ ሻይ ክበብ ውስጥ ሌላው ወገን ተነሣ። «እሷማ የጦር ሠራዊት ፕሮፓጋንዲስት! ከሷ ምን ጥበብ ይጠበቃል?» አለና ሻዩን ጨልጦ ሄደ። እሱም ያንድ ፊልም ስም አልጠራ።

እኛ በሁለቱም ላይ ክስ አለን፤ ክሱም አንድ ነው። አንደኛው ሴትነቷን አይቶ አጨበጨበ፣ ሁለተኛው የለበሰችውን የወታደር ልብስ አይቶ ፊቱን አዞረ። ሥራዋን ያየ የለም። ሃምሳ ዓመት በመድረክና በካሜራ ዙሪያ የደከመችን ሰው እንዲህ በአንድ ቅጽል ሸኝቶ መሄድ፣ ያውም በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ፣ ነውር ነው። ነውሩ የኛም ነው፤ ያቺን ግማሽ ገጽ በስቴንስል መትተን ያባዛናት እኛው ነንና።

በቅድሚያ «የመጀመሪያዋ» የምትለዋን ቃል እናንሣ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቻይና ውስጥ ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ በ1925፣ ሺዬ ፃይዠን የተባለች ተዋናይት «የሙት ልጅ ሮሮ» ልንለው የምንችለውን ፊልም አዘጋጅታ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዳ ያደገችው ኤስተር ኢንግ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፊልም ስትሠራ እናገኛታለን። እንግዲህ ዋንግ ፒንግ የመጀመሪያዋ የምትሆነው «ከ1949 ወዲህ፣ በሕዝባዊት ሪፑብሊክ» የሚል አጥር ሲታጠርላት ብቻ ነው። በአጥሩ ውስጥስ እውነት ነው፤ አንክድም። ግን ዘውዱ ማንን ጠቀመ? ከእሷ በፊት የነበሩትን ሴቶች ሰረዘ፤ ከእሷ በኋላ የመጡትን «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ» እያለ አሰለፈ። «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚባለው ሙገሳ ሲመረመር በሩን ለከፈተው ጌታ የሚቀርብ ምስጋና ነው። ሴትዮዋ ከገባች በኋላ ምን ሠራች ብሎ ለመጠየቅ ፋታ የለውም።

በር ካልን አይቀር ወደ በሩ እንሂድ። የዋንግ ፒንግ ነገር የሚጀምረው በእርግጥም በአንድ በር ነውና።

በ1916 ናንጂንግ ከተማ ከሁዊ ብሔረሰብ፣ ማለትም ከቻይና ሙስሊሞች ወገን ተወለደች። የወጣላት ስም ዋንግ ጉዋንግዠን ነበር። አድጋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። በ1935 መባቻ ላይ ሞፌንግ የተባለ ግራ ዘመም የወጣቶች የቴአትር ማኅበር የኖርዌዩን የኢብሰንን «የአሻንጉሊት ቤት» ናንጂንግ ላይ አሳየ። ኖራን ሆና የቀረበችው ይህችው፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት አስተማሪ ናት።

ኖራን የማያውቅ ካለ ባጭሩ፦ ባሏ እንደ አሻንጉሊት የሚያጫውታት ሴት አንድ ሌሊት ነገሩ ይገለጥላትና ባሏንም ልጆቿንም ትታ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ትወጣለች። ኢብሰን ይህን የጻፈው በ1879 ነው። ቻይናውያን ወጣቶች ያወቁት «አዲስ ወጣት» የተባለው መጽሔት በ1918 ተርጉሞ ካወጣው በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ምርጫ ጋር የተጣላች ልጅ ሁሉ ኖራ ተባለች። በተለይ 1935 በየከተማው ተውኔቱ ስለታየ «የኖራ ዓመት» የሚል ስም እስከማግኘት ደርሷል።

ታዲያ ናንጂንግ ላይ ምን ሆነ? መጋረጃው ሲወርድ ጭብጨባ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ አባረራት። ሴት አስተማሪ ከወንዶች ጋር መድረክ ላይ ወጥታ፣ ያውም ከባል ቤት የሚወጣበትን መንገድ እያሳየች፣ እንዴት ሕፃናት ታስተምራለች ተባለ። ጋዜጦች ጉዳዩን «የኖራ ጉዳይ» ብለው አራገቡት፤ ደጋፊም ተቃዋሚም ጻፈ። ማታ መድረክ ላይ እሷ ራሷ የዘጋችው በር ነበር፤ ኋላ ደግሞ በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ስለ ሉ ሹን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከዚህ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1923 ታኅሣሥ፣ ይህ ታላቅ ደራሲ ቤይጂንግ በሚገኝ የሴቶች ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ነፃነት ሞቅ ያለ ነገር ሳይጠብቁ አልቀሩም። እሱ ግን ያነሣው ጥያቄ ደረቅ ነበር፦ እሺ፣ ኖራ ወጣች፤ ከወጣች በኋላስ? ቦርሳዋ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ፣ የራሷ የኢኮኖሚ መብት ከሌላት፣ ወይ ተበላሽታ ትቀራለች ወይ ተመልሳ ትገባለች የሚል ነበር የሐሳቡ ፍሬ። ብዙዎች ይህን ንግግር እንደ ተስፋ ቆራጭ ሰው ቃል ያነቡታል። እኛ ግን የዋንግ ፒንግን ነገር ስናይ የሂሳብ ሰው ንግግር ሆኖ እናገኘዋለን። ከእጇ መጀመሪያ የተነጠቀው ምንድን ነው? ደመወዟ! አላሰሯት፣ አልገረፏት፤ ደመወዟን ቆረጡት፣ አበቃ።

ናንጂንግን ለቃ ወጣች፤ ተዋናይነትን እንጀራዋ አደረገች፤ ተመልሳም አልገባች።

አሁን ደግሞ ለ«የመጀመሪያዋ ሴት» አጨብጫቢዎች አንድ ነገር እንጨምርላቸው። በዚያው በ1935 በበጋው ወራት ሻንሃይ ላይም ኖራ ታይታለች። የባልየውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ስመ ጥሩው ዣኦ ዳን ነው። ኖራን የሆነችው ደግሞ ላን ፒንግ የምትባል ወጣት ተዋናይት ነበረች፤ እጅግም ተደነቀች። ላን ፒንግ ማን ናት? ኋላ የማኦ ሚስት የሆነችው ጂያንግ ቺንግ ናት። በ1966 የባህል አብዮት ሲፈነዳ የቻይና ቴአትርና ሲኒማ ቁልፍ በእጇ ገባ። የሚታየውንና የማይታየውን የምትመርጥ እሷ ሆነች። የዚያን ጊዜው «ባሏ» ዣኦ ዳን አምስት ዓመት ያህል በእስር ማቀቀ።

ባንድ ዓመት ሁለት ኖራዎች! አንደኛዋ በዚያ በር ወጥታ ሥራ አጥ ሆነች፤ ሌላዋ በዚያው በር ወጥታ ሄዳ ሄዳ ራሷ በረኛ ሆነች። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ተራማጅ የተባሉ፣ ሁለቱም አንዱን ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ። ታዲያ ወንድሞቻችን፣ ሴት መሆን ብቻውን መለኪያ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን በምን ትለዩልናላችሁ? በሠሩት ነው እንጂ በሌላ በምን ይለያሉ!

የመካከሉን ዘመን ፈጠን ብለን እንለፈው። ዋንግ ፒንግ ሶንግ ዥዲ የተባለውን የተውኔት ደራሲ አገባች። ከጃፓን ጋር ጦርነት በተካሄደባቸው ዓመታት መድረክ ላይ ሠራች፤ ፊልምም ተጫወተች። ከ1949 በኋላ ወደ ጦር ሠራዊቱ የኪነ ጥበብ ክፍል ገባች። በ1952 ሠራዊቱ «ኦገስት አንድ» የተባለውን የራሱን የፊልም ስቱዲዮ ሲያቋቁም ከዲሬክተሮቹ አንዷ ሆነች። በ1956 ባሏ ሶንግ ዥዲ ሞተባት። እድሜዋ አርባ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1957፣ «የሊዩባኦ ታሪክ» የተባለውን ፊልም አወጣች።

ክርክራችን ያለው እዚህ ፊልም ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ዘመኑ 1944 ነው። የአዲሱ አራተኛ ጦር አንድ ክፍል በጂያንግሱ አውራጃ፣ ሊዩባኦ በምትባል መንደር ሰፍሯል። ሊ ጂን የተባለ ወጣት ምክትል የጓድ መሪ ባረፈበት ቤት ያለችውን ልጅ ይወዳል። ልጅቱ ስም እንኳ የላት፤ ኧር ሜይዚ ነው የምትባል፤ «ሁለተኛዋ እኅት» እንደማለት። የጦሩ ደንብ ወታደር ከመንደር ልጅ ጋር ፍቅር እንዲይዝ አይፈቅድም። የጦሩ የፖለቲካ ኃላፊ ነገሩን ሲደርስበት ይመክረዋል። በሌላ በኩል ለጃፓን ያደረ ሽፍታ መሰል ሰው ልጅቱን በጉልበት ሊወስድ ይመጣል። ወታደሮቹ ያድኗታል። ጦሩ ይነሣል፤ ሊ ጂንም ይሄዳል። አምስት ዓመት ያልፋል። በ1949 ጦሩ ያንግፄን ወንዝ ሊሻገር ሲመለስ ኧር ሜይዚ የፓርቲ አባል ሆና፣ የጀልባ መቅዘፊያ ይዛ ትገኛለች።

«ይኸውላችሁ!» ይላል የሻይ ክበቡ ወገን፤ «ፍቅሩ ታገደ፣ ጦሩ አሸነፈ፣ ልጅቱ አባል ሆነች። ከዚህ የበለጠ ፕሮፓጋንዳ ምን አለ?»

ታሪኩ እንደዚያ መሆኑን አልካድንም። ድርሰቱም የእሷ አይደለም፤ ሺ ያን የተባለ የሠራዊቱ ጸሐፊ ከሁዋንግ ዞንግጂያንግ ጋር የጻፈው ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በደበዘዘ ኮፒ ይሁን፣ ተቀምጣችሁ እዩት። የጦር ስቱዲዮ ያወጣው የጦር ፊልም ነው፤ ሰዓቱን የሚበላው ግን ጦርነት አይደለም። ውሃ ነው፤ የነፋስ መዘውር ነው፤ ትንንሽ ድልድይ ነው፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምታይ ልጅ ናት። ታኦ ዩሊንግ የተባለችው ወጣት ተዋናይት ኧር ሜይዚን ስትጫወት ፊቷ ላይ የሚመላለሰውን ነገር ዲሬክተሯ አትቸኩልበትም። ደንቡ «አይቻልም» ይላል፤ ካሜራው ግን «እስቲ ቆይ፣ ልያት» ይላል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ስቱዲዮ፣ ወታደር ፍቅር ይዞታል ብሎ በግልጽ መናገርና ሰውየውን ወንጀለኛ ሳያደርጉ መጨረስ ቀላል ነገር ይመስላችኋል? የፖለቲካ ኃላፊው እንኳ የሚያዝን ሰው ነው እንጂ ጨካኝ አይደለም። ወደ ጦር ሜዳ ስለሚሄድ ጎረምሳና ስለምትጠብቀው ልጅ የሚያወራው የፊልሙ ዘፈን ቻይናን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። እስከ ዛሬም ይዘፈናል። ሕዝቡ ከፊልሙ የወሰደው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም፤ ደንቡን ሳይሆን ዘፈኑን ነው የወሰደው።

ፕሮፓጋንዳ ነው የምትሉ ሆይ፣ ፕሮፓጋንዳ የታዘዘውን ይሠራል። ይህ ፊልም ግን ከታዘዘው በላይ ሠርቷል፤ ዋጋውም ያ ትርፉ ነው።

በዓመቱ፣ በ1958፣ «የማይጠፋ ሞገድ» ተከተለ። ሊ ሺያ የሚባል የሬዲዮ ሠራተኛ በጠላት በተያዘችው ሻንሃይ ውስጥ ተደብቆ መልእክት ያስተላልፋል። ታሪኩ የተቀዳው ሻንሃይ ነፃ ልትወጣ ሃያ ቀን ሲቀራት፣ በሜይ 1949 ከተረሸነው ከሊ ባይ ሕይወት ነው። ጀግናውን የሚጫወተው ሱን ዳኦሊን ነው። ግን ሚስትየዋን ተመልከቷት! የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ለሽፋን ብቻ «ሚስት» ሆና ትመጣለች፤ አብረው ሲኖሩ ሽፋኑ እውነት ይሆንና ይጋባሉ። ፊልሙ ሁለቱን በጠባብ ክፍል ውስጥ ያኖራቸዋል። እሱ መልእክቱን ሲመታ እሷ የደረጃውን ኮቴ ታዳምጣለች። የስለላ ፊልም የምንለው ነገር ውስጡ የትዳር ፊልም ነው። የተጻፈው በሌሎች ቢሆንም፣ ባሏን ከቀበረች ገና ሁለት ዓመት የሆናት ሴት የሠራችው መሆኑን ያወቀ ሰው እነዚያን የክፍል ውስጥ ትዕይንቶች በሌላ ዓይን ያያቸዋል።

እስከዚህ ያሞገስን ይመስላል። አሁን ወደ መራራው እንለፍ፤ እኛም ዘውድ ደፊዎች እንዳንባል።

በ1962 «የግራር መንደር» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ፊልም ሠራች። (ዛፉ ከኛ ግራር ጋር አንድ አይደለም፤ ከዚህ የሚቀርብ ስም ስላጣን ነው።) ከመሬት ክፍፍል እስከ ኮሚዩን ድረስ የአንዲት መንደር የአሥር ዓመት ታሪክ ነው። መሐሏ ላይ የቆመችው ጉዎ የተባለች እናት ናት። በ1963 «ተወዳጅ ሲኒማ» የተባለው መጽሔት አንባቢዎች በድምፃቸው በሚመርጡት «መቶ አበቦች» ሽልማት ዋንግ ፒንግ ምርጥ ዲሬክተር ተባለች። ግማሽ ገጿ ጽሑፍ ይህን ብታውቅ ኖሮ በትልቁ በጻፈችው ነበር! እኛ ግን እዚህ ፊልም ውስጥ አንዲት ነገር ጎደለችን። እናት ጉዎ ሁልጊዜ ትክክል ናት። ከመስመሩ አትስትም፤ አትጠራጠርም። የኧር ሜይዚ አንገት መስበር፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ሚስት ጆሮ መቅሰር እዚህ የለም። ሴቲቱ ገዝፋለች፤ የሰው መጠኗ ግን አንሷል።

በ1964 «በኒዮን መብራት ሥር ያሉ ዘቦች» መጣ። ሻንሃይ የገባ የገበሬ ጦር በናንጂንግ ጎዳና መብራት ሲፈተን የሚያሳይ ነው። እዚያ ውስጥ ቹን ኒ የምትባል የገጠር ሚስት አለች። ባሏ ቼን ሺ ከተማ ገብቶ ሲለሰልስ በእሷ ባላገርነት ያፍራል። ይህችኑ ቹን ኒን ደግሞ ያችው ታኦ ዩሊንግ ናት የተጫወተቻት። በዚያ ሁሉ የትምህርት ውርጅብኝ መሐል የእሷ መከፋት ዛሬም ያመናል። እንግዲህ አሮጌዋ ዋንግ ፒንግ ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም ማለት ነው፤ በአንዲት ገጸ ባሕርይ ጥግ ተሸሽጋለች።

በ1965 ደግሞ «ምሥራቅ ቀልቷል»። ይህ ተረት የለውም፤ ግለሰብም የለውም። ከሦስት ሺህ የማያንስ ሰው ቤይጂንግ ታላቁ የሕዝብ አዳራሽ መድረክ ላይ የዘፈነውንና የጨፈረውን ታላቅ ትርኢት ወደ ፊልም የማዛወር ሥራ ነው። ቀለሙ ያስደንቃል፤ ሰልፉ ልክ ነው። የትኛዋም ፊት ግን አትታወስም። እሷን የሚያወድሱ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ይህንን ነው፤ ትልቅ ነዋ! እኛ ከሦስት ሺሁ ይልቅ ያቺን በውሃው ዳር የቆመችውን አንዲቷን እንመርጣለን። ይህን ስንል ጣታችንን በስቱዲዮው አለቆች ላይ ብቻ አንቀስርም። ስሟ ዲሬክተር ተብሎ ተጽፏል፤ ሥራው የእሷ ነው፤ የሚቆጠርላትም የሚቆጠርባትም እሷው ላይ ነው። ተገዳ ነበር ብሎ ማለፍ ራሱ ንቀት ነው፤ ያው «ሴት ናትና ምን ታድርግ» የሚለው አዛኝ መሳይ ድምፅ በሌላ በር ሲገባ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የባህል አብዮት መጣ። የቀድሞዎቹ ፊልሞች በጅምላ ከአዳራሽ ወጡ። የፍቅር ዘፈን ያለበት ፊልምማ ምን ተስፋ ነበረው! በሩን የያዘችው ያቺ የሻንሃይዋ ኖራ ነበረች። አሥሩ ዓመት ካለፈ በኋላ ዋንግ ፒንግ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ በ1985 «የቻይና አብዮት መዝሙር» የተባለውን ሌላ ግዙፍ ትርኢት ለሲኒማ በማዘጋጀት መሪ ነበረች። በ1990 ሞተች። ጂያንግ ቺንግ በ1976 ታስራ፣ ተፈርዶባት፣ በ1991 ሞተች። ባንድ ዓመት ኖራ የሆኑት ሁለቱ ሴቶች በአሞላልም የተራራቁ አልነበሩም።

«ታዲያ የሴት ዓይን የምትሉት የታለ?» ብላ የጠየቀችን አንዲት እኅት አለች፤ ጥያቄዋ ከሁለቱም ወገኖች ክርክር ይበልጣል። ለዚህ መልስ ከዋንግ ፒንግ በኋላ የመጣችውን የሁዋንግ ሹቺንን ስም እናንሣ። በ1939 ሻንሃይ ተወልዳ በ2022 የሞተች ዲሬክተር ናት። የሴት ዓይንን በቤት መስኮት መስላ ተናግራለች፤ ሐሳቧ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤቱ ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ብቻ መስኮት አለው፤ ወደ ምሥራቅ አንድ ቢከፈት ያው ግቢ ሌላ ሆኖ ይታያል። በ1987 የሠራችው «ሰው፣ መንፈስ፣ ፍቅር» በቻይና ባህላዊ ኦፔራ የወንድ ገጸ ባሕርይ እየተጫወተች ስለገነነች ሴት ነው። ሴትዮዋ መድረክ ላይ የምትከበረው ጢም ለጥፋ፣ አስፈሪውን የመናፍስት አዳኝ ዦንግ ኩይን ስትሆን ብቻ ነው። ጢሙን ስታወልቅ ቤቷ ባዶ ነው። እኛ ይህን ፊልም ስናይ ዋንግ ፒንግን አሰብን። እሷም የወታደር ልብስ ለብሳ ነው የተከበረች። ልዩነቱ፣ ሁዋንግ ሹቺን የልብሱን ዋጋ ራሱን ፊልም አደረገችው፤ ዋንግ ፒንግ ግን ዋጋውን ከፈለችና ስለ ሌላ ነገር ፊልም ሠራች። ምሥራቁን መስኮት አልከፈተችም። በ1957 ግን የመዝጊያውን ሳንቃ ገርበብ አድርጋዋለች፤ በዚያች ስንጥቅ የገባው ብርሃን ኧር ሜይዚ ፊት ላይ ይታያል።

ለአዘጋጅ ክፍላችን የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። «ፈር ቀዳጅ ሴቶች» የሚለው ዓምድ ወይ ይዘጋ ወይ ስለ ሥራ ይጻፍበት። ስለ አንዲት ገጣሚ ሲጻፍ ግጥሟ ይነበብ፤ ስለ አንዲት ዲሬክተር ሲጻፍ ፊልሟ ይታይ፤ ደካማም ከሆነ ደካማ ነው ይባል። ከኛ መሐል ብዕር የያዙ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ግጥማቸውን ሲሰጡን «እኅታችን፣ በርቺ» ብለን ሳንነካው የመለስንላቸው እኛው ነን፤ የወንዶቹን ግን ቃል በቃል ስንቦጭቅ እናመሻለን።

የ«የሊዩባኦ ታሪክ» ኮፒ እኛ ዘንድ አለ። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፉ አልፎ አልፎ ይዘላል፤ የሚያስቸግር አይደለም። ያቺን ግማሽ ገጽ የጻፈውም፣ ሻዩን ጨልጦ የሄደውም መጥተው ይዩትና ከዚያ በኋላ ይጻፉብን።